ለጋልዌይ የተጾሙ ሰባት አርቦች

ሰኞ፣ ጁን 9

ቀኝ እግሬ ከቅዳሜ ጀምሮ ከቁጥጥሬ ውጪ መሆኑን ለዚህ ደብተር በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ተረከዙ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፤ ጣቶቹ ግን ይመታሉ። አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ባለቤቴ ሐምራዊት በእንቅልፍህም ይመታል ብላኛለች። ዛሬ ጠዋት ወደ ከተማው መሐል፣ ወደ ሚድታውን ስነዳ ይኸው እግር ነዳጅ መስጫው ላይ ስለነበረ መኪናው እስከ ሥራ ድረስ እያነከሰ ሄደ። ልጄ ቢታንያ አብራኝ ነበረች።

«አባ፣ መኪናው ስቅታ ይዞታል እንዴ?»

«ሰርቪስ ደርሶበት ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸት። ቁጥር ብሰጣቸው ሳይሻል አይቀርም፤ የሚበዙ ይመስለኛል።

ለመዝገብ ያህል፦ ፊልጶስ እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ፤ ቤቴ ስኔልቪል ነው። ይህ ሁሉ ግን ትርፍ ወሬ ነው። ዋናው ነገር፣ ሎረንስቪል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ሁለት ዓመት ከበሮ መትቻለሁ። ከበሮው ከተወሰደብኝ የሚቀረው አንድ ማሽን ጠጋኝ ነው።

ሆስፒታሉ ለአዲስ ማሽን ሥልጠና አየርላንድ፣ ጋልዌይ ወደምትባል ከተማ ለአንድ ሳምንት ላከኝ። ሥልጠናው በሀበሻ አስር ሰዓት ላይ ያልቃል። ጀምበር የምትጠልቀው ማታ አራት ሰዓት ነው። መካከል ያለውን ስድስት ሰዓት አንድ ጤነኛ ክርስቲያን የሆቴል መጋረጃ እያየ ይጨርሰው? «የማታ ሕይወት» የሚሉትን አላየሁም። እኔ ያየሁት የረዘመ ከሰዓት በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ጁን 11፣ ሌሊት

ሁሉም ተኝቷል። ለሰው ስለማልነግረው እዚህ ልጻፈው።

ያስገባኝ ዝናብ ነው። የጋልዌይ ዝናብ ከላይ አይመጣም፤ ከጎን ነው የሚመጣው። አንድ ቀይ በር አየሁና ገፍቼ ገባሁ። መጠጥ ቤት መሆኑን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። (በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። መነጽሬ ግን ረጥቦ ነበር።)

ስምንት ሰዎች አንዲት ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ «እስቲ ሞቅ አድርጉት!» የሚል መሪ የለም። አንዱ ቫዮሊኑን ያነሳል፣ ሌላዋ ትከተላለች፣ ዋሽንት ይገባል፤ ከዚያ ወለሉ ራሱ መምታት ይጀምራል። ምቱ ደግሞ የኛ ነው! የእሑድ ጠዋቱ፣ የሎረንስቪሉ! ውቅያኖስ ተሻግሬ የራሴን ከበሮ ሰው ቤት ውስጥ አገኘሁት። ጠረጴዛ እየደበደብኩ መሆኔን ያወቅሁት ኖራ የምትባል የሰባ ዓመት ቫዮሊን መቺ ወንፊት የሚያክል ባለ አንድ ፊት ከበሮ ስታቀብለኝ ነው።

«ጠረጴዛው ባለቤት አለው» አለችኝ። «መደብደብህ ካልቀረ ይኼን ደብድብ።»

መታሁ። አምስት ምሽት መታሁ። የቤቱ ባለቤት አቶ ኮርማክ በሕግ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋት አለበት። ስለዚህ በሩን ይቆልፍና መጋረጃውን ያወርዳል፤ እኛም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንቀጥላለን። በመጨረሻው ምሽት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ብቻቸውን አዜሙ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ እኔም አለቀስኩ። ስወጣ እጄን ይዘው «ተመለስ» አሉኝ።

መጠጡን በተመለከተ፦ ቀይ ለስላሳ ነበር። ጥቁሩን፣ አረፋ ያለውን በተመለከተ ደብተሩ ለጊዜው አስተያየት የለውም።

ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። በኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይጸለይለት አይሄድም። ልሄድ ስል ፓስተር ኤልቃና አየርላንድ መሄዴን ሰምተው ወደ ፊት ጠሩኝ። ለምን እንደምሄድ የጠየቀ የለም። ወንድሞች እጃቸውን ጫኑብኝና ፓስተር ጀመሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ለወንጌል ወደዚያች ምድር ስትልከው...» አንድ ዓይኔን ገለጥሁ። አስራ ሁለት እጅ ጭንቅላቱ ላይ የተጫነበት ሰው «ይቅርታ፣ ለማሽን ነው» ማለት አይችልም። አሜን አልኩ።

የፊታችን እሑድ ስለ አገልግሎቴ ምስክርነት እንድሰጥ ተነግሮኛል።

እሑድ፣ ጁን 15

መሰከርኩ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

«በየምሽቱ በአንድ ቤት እንሰበሰብ ነበር።» አሜን! «ከበሮ ሰጡኝ፣ መታሁ።» ሀሌሉያ! «አንድ ሽማግሌ ሲያዜሙ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ።» እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ስለያቸው ተመለስ አሉኝ።» ፓስተር ኤልቃና ማይኩን ተቀበሉኝ፤ መሐረባቸውንም አወጡ።

ፓርኪንግ ላይ ጋሽ አምባዬ ያዙኝ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በደርግ ጊዜ በሰው ቤት ተደብቃችሁ ጸለያችሁ ተብለው ሁለት ዓመት ታስረዋል።

«በቤት ነው የሚሰበሰቡት አልክ?»

«በቤት ነው፣ ጋሼ።»

«የማን ቤት?»

«የአቶ ኮርማክ።»

«በግልጽ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ግን እንደ እግሬ ሆናለች። «እስከ አምስት ተኩል በግልጽ ነው። ከዚያ በሩ ይቆለፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል። ፖሊስ እንዳይሰማ ድምፅ ዝቅ አድርገን ነው።»

ጋሽ አምባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኛም እንዲሁ ነበርን» አሉ። «አንዱ በር ላይ ይቆማል። ማጨብጨብ ሲያምረን ጉልበታችንን በሁለት ጣት ነበር የምንመታው፤ እንዲህ።» በሁለት ጣታቸው የመኪናዬን ኮፈን መቱልኝ። «የነዚህ ሰዎች ሸክም ወደቀብኝ፣ ልጄ። ከፊታችን አርብ ጀምሬ እጾምላቸዋለሁ።»

እንዳይጾሙ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ጌታ ይባርክዎት» የሚል ወጣ።

አርብ፣ ጁን 20

ጾሙ። አንድ።

እኔ ምሳ በላሁ። ሳንድዊቹ አልወርድ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ወረደ።

እሑድ፣ ጁን 22

ከበሮው አመለጠኝ። ተንበርክከው የሚዘምሩት የዝግታ መዝሙር በእጄ ላይ ጋልዌይ ሆነ። እናቶች ጭብጨባውን ለመከተል ከጉልበታቸው ተነሱ። ምእመኑ «አዲስ ቅባት!» አለ።

ፍሬው ብቻ ቅባት አላለም። ኪቦርድ ይመታል፤ በሳምንቱ መሐል ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ምላሱ ፍሬን የላትም። መድረኩ ላይ ጠጋ ብሎ፦

«ወንድም ፊልጶስ፣ ቅባቱን ከየት ነው የቀዳኸው? ከበርሜል?»

ምን ያውቃል? ምንም አያውቅም። ምን ሊያውቅ ይችላል?

ቅዳሜ፣ ጁን 28

እራት ላይ ቢታንያ ስልኳን አቀረበችልኝ። «አባ፣ ላይክ፣ ይኼ አንተ ነህ ወይስ ኤአይ ነው?»

እኔ ነኝ። አንድ ቱሪስት ቀርጾ ለጥፎታል። ግንባሬ በላብ ርሶ፣ አፌ እስከ መንጋጋ ተከፍቶ፣ ከበሮውን እንደ ሕፃን አቅፌ እየመታሁ እስቃለሁ። ፊት ለፊቴ ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ቀይ አይደለም። ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል።

«ኤአይ ነው» አልኩ።

«አባ፣ ሲሪየስሊ። ሹራቡን እኮ እኔ ነኝ የገዛሁልህ።»

ሐምራዊት ስልኩን ተቀበለች። አየችው። መልሳ አየችው። ሦስተኛ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጋ አየችው። ማስረጃ እያሰባሰበች ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ አጭር ነው፦ መጠጥ ቤት የተገኘ አገልጋይ ከአገልግሎት ይታገዳል። ደንቡን የአማርኛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይተይበው ሲባል የተየብኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

ሐምራዊት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስታየው ደረስኩባት። ስልኩን ኪሷ ከተተች። «እንዲህ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም» አለች፣ ፎጣ እያጠፈች። ክሱ እየከበደ ነው።

አርብ፣ ጁላይ 4

ሦስተኛው አርብ። የነጻነት ቀን ስለሆነ ስኔልቪል በሙሉ ሥጋ ይጠብሳል። ጋሽ አምባዬ በባዶ ሆዳቸው ደወሉልኝ። «ርችቱ ሲፈነዳ እነዚያ ወንድሞች ታወሱኝ» አሉ። «እኔንም» አልኩ። ይህ ለጋሽ አምባዬ ከነገርኳቸው ሁሉ ንጹሑ እውነት ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9፣ ሌሊት

ምርመራው ዛሬ አልጋ ላይ ተጀመረ።

«ሴቶችም ነበሩ?»

«ኖራ ነበረች። ሰባ ዓመቷ ነው። ጥርሷም...»

«ስለ ኖራ ጥርስ ማን ጠየቀህ? ባልና ሚስት ሆነው የሚመጡ ነበሩ ወይ?»

«ነበሩ።»

«አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት?»

«አዎ። የት ሊቀመጡ ኖሯል?»

«እ» አለች። መብራቱን አጠፋችና ፊቷን አዞረች። ቆይታ በጨለማው ውስጥ፣ «ዝናቡ ሁልጊዜ ነው?» አለች።

ጥያቄዎቹን ደጋግሜ መረመርኳቸው። ወጥመዱ የቱ ጋ እንደተቀበረ ላገኘው አልቻልኩም። ጎበዝ መርማሪ እንዲህ ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ጋሽ አምባዬ ለአቶ ኮርማክ ደብዳቤ ጽፈዋል። በእጅ፤ ሦስት ገጽ፤ «አይዟችሁ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ አለበት። ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልሰው ለማን ሰጡ? ለቢታንያ።

«አባ፣ ይኼ ለባር ነው የሚላከው? ሽማግሌው በጣም ያሳዝናሉ። እንቢ ማለት አልቻልኩም።»

«እንዳትልኪው!»

«ልኬዋለሁ እኮ። ኢሜይሉን ከድረ ገጻቸው አገኘሁት። ሴንድ እስከማደርግ ጋሽ አምባዬ ከትከሻዬ በላይ ቆመው እያዩ ነበር።»

ዛሬ ልነግራቸው እችል ነበር። ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሳቸው ግድግዳው ላይ የአየርላንድ ካርታ እየለጠፉ ነበር። ማጣበቂያውን አቀበልኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ሰዓት ማጣበቂያ የሚያቀብለው?

እሑድ፣ ጁላይ 20

መልስ መጣ። ፓስተር ኤልቃና ትርጉሙን ለጉባኤው አነበቡት፦

«ስለ ደብዳቤዎ ከልብ እናመሰግናለን። ፊልጶስን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ይህ ቤት ከአያቴ አባት ጀምሮ ክፍት ነው። ክፉ ዓመታት አይተናል፤ ፖሊሶቹ ግን ሰሞኑን ደግ ሆነውልናል። እስከ ዛሬ የጸለየልን ሰው አልነበረም።»

«ስደቱ ረገብ ብሏል!» አሉ ጋሽ አምባዬ ቆመው። ጉባኤው በጭብጨባ ተናወጠ። ፍሬው ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ተነክቶ ነው» አሉ እናቶች።

እሑድ፣ ጁላይ 27

በችኮላ። ኦገስት 3 የቪዲዮ ጥሪ። አቶ ኮርማክ። በትልቁ ስክሪን። በቀጥታ።

ከየት ሆኖ ይደውላል? ከቤቱ። ከጀርባው ምን አለ? ጠርሙስ። አንድ ግድግዳ ሙሉ።

ጌታ ሆይ፣ ኢንተርኔቱን ቁረጥ። (ጸሎቱ ተገቢ አይደለም። ቢሆንም ቁረጥ።)

ከዛሬው መዝሙር በኋላ የከበሮዬን ጠፍር ሳያስፈልገው ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2፣ ሌሊት

ሐምራዊት ነርስ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች ሕሙማን ትጎበኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አምባዬ ዘንድ ጎራ ብላ ስኳራቸውን ትለካለች። ዛሬ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ኩሽና ገባች።

«ትናንት ወድቀው ነው ልጃቸው ያገኘቻቸው። ስኳራቸው ወርዶ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ናቸው። ገንፎ አብልቻቸው ነው የመጣሁት።» የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋችልኝ። «ሰባት አርብ፣ ፊልጶስ። ለማን እንደጾሙ ከኔ ነው የሚሰሙት ካንተ?»

ሎረንስቪል እስክደርስ እግሬ አንዴም አልመታም።

ጋሽ አምባዬ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ተንበረከክሁ። «ተነስ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ሳልነሳ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሽኑን፣ ዝናቡን፣ ቀዩን በር፣ ጥቁሩን ብርጭቆ። ስንት ነበር አሉኝ። ግማሽ አልኩ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። በየምሽቱ ሁለት ሙሉ አልኩ።



«መጋረጃውስ?»

«መጋረጃው እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ፖሊሱስ?»

«እሱም እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ፈርተው ነው?»

«የመጠጥ ፈቃዳቸው እንዳይነጠቅ።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ከጋቢው ሥር የወጣው ግን ሳል የሚመስል ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ሳቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ልጃቸው ውኃ ይዛ ሮጠች።

«ሰባት አርብ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁለት ዓመት ስለ ጸሎት ታሰርኩ፤ በስተርጅና ደግሞ ለመጠጥ ቤት ጾምኩ! ይኼን ለማን ይነግሩታል?»

እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ አትስቅ። እኔ በሰው ቤት ተደብቄ ስዘምር፣ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሞቷል። እሱን እያሰብኩ ነበር የምጾመው።»

 

በመጨረሻ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። አንድ እጅ ብቻ፤ ከአስራ ሁለቱ ይከብድ ነበር። «ጥሪው ይቀራል። ሰውየውን እኔው ደውዬ አመሰግነዋለሁ፤ በወግ ነው የመለሰልኝ። አንተ ነገ በማይክ ትናገራለህ። ሰባት አርብ ጾሜአለሁ፤ ሰባት እሑድ ከከበሮህ ወርደህ ትቀመጣለህ።»

እሑድ፣ ኦገስት 3

ተናገርኩ። «የተሰበሰብንበት ቤት መጠጥ ቤት ነው። የሄድኩት ለማሽን ነው። የጠጣሁትም ለስላሳ ብቻ አልነበረም።»

ከፊት ረድፍ እማማ ወለተሥላሴ እጃቸውን አነሱ። «ታዲያ ያ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው ያስለቀሳችሁ?»

«ባሕር ለወሰደበት ወንድሙ ነው የሚያዜመው አሉኝ።»

«ውይ» አሉ። «እሱስ ይጸለይለት።»

ስወርድ ፍሬው በጆሮዬ፣ «ቪዲዮውን ያየሁት ጁን ላይ ነው። ስንት ሳምንት መደበቅ እንደምትችል መገመት ብቻ ነበር የቀረኝ» አለኝ። ወንድም ማለት ይኼ ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 10

አንድ።

የት እንደምቀመጥ አላወቅሁም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ሆኜ ያየሁት ጣሪያና የፍሬውን ማጅራት ነው። ሐምራዊት ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ትቀመጣለች፤ ይህን ያወቅሁት በዓይኔ ፈልጌ ነው። ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዋ አለ። አጠገቧ ስቆም ቦርሳውን አነሳችና እግሯ ሥር አኖረችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ከቦርሳ ጋር ነው የተቀመጥኩት» አለች፣ ወደ ፊት እያየች።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር በቤተ ክርስቲያን አይናገርም።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ሁለት። በኔ ቦታ ከበሮ የሚመታው የፍሬው ኪቦርድ ነው። ቁልፍ ይጫናል፣ ከበሮ ይወጣል። ይህን ስድብ ለልጅ ልጆቼ አወርሳለሁ። ሰባቱ እሑዶች አልቀው ወደ ከበሮዬ እስክመለስ ቀን እቆጥራለሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ሐምራዊት ትዘምራለች። ዝቅ ባለ፣ ትንሽ ሻከር ባለ ድምፅ፤ ከዜማው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ። አንዲት ሴት አግብቼ ሃያ አራት ዓመት ስኖር ስትዘምር ሰምቼ አላውቅም። ከበሮው ነበረ።

«ምን ታየኛለህ?»

«ምንም።»

«ወደ ፊት እይ፤ ሰው ያያል።»

እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር። በሁለት ጣቷ፣ ማንም ሳያይ፣ እጄ ላይ ምቱን መታችልኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

እርማት

በኦገስት 17 ማስታወሻ «ወደ ከበሮዬ እስክመለስ ቀን እቆጥራለሁ» ተብሎ የሰፈረው ከሴፕቴምበር 7 ወዲህ ላሉት እሑዶች የማይሠራ መሆኑ ተረጋግጧል። ቅጣቱ ባለፈው እሑድ በይፋ ተፈጽሟል። ዛሬ ስምንተኛው ነበር፤ ባለጉዳዩም ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከባለቤቱ ጎን ተቀምጦ ተገኝቷል። ስለ ምን ወደ መድረክ እንዳልወጣ በሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሲጠየቅ «ቆጠራ ተሳስቼ ነው» ሲል መልሷል። ይህም መልስ ትክክል አልነበረም።